የሐይቁ ዐቃቤ ሰዓት፣ በጳጳሱና በንጉሡ መካከል

ከደጋን ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ደሴ የሚወጣ፣ ከደሴም የወልድያን መንገድ ይዞ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የሚቀጥል መንገደኛ ሐይቅ ከተማ ይደርሳል። ከከተማዋ አጠገብ፣ ቀድሞ ደሴት በነበረውና ዛሬ ከየብስ ጋር በተያያዘው መሬት ላይ፣ የደብረ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል። የገዳሙ ስም አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው በሁለት ምክንያት ነው፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ያስተማሩት የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ቦታ በመሆኑ፣ እንዲሁም ዐፄ ይኩኖ አምላክ በ1270 ዙፋኑን ሲይዙ የገዳሙ እጅ ነበረበት ስለሚባል (ዘመኖቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ከሁለቱ ይልቅ ሊመረመር የሚገባው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የዚህ ገዳም አበምኔት ዐቃቤ ሰዓት በሚል ማዕረግ በነገሥታቱ ድንኳን ውስጥ ቦታ ያዘ፤ ከግብፅ በሚመጣው ጳጳስና በንጉሠ ነገሥቱ መካከልም ሁለት መቶ ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ ቆመ። ጳጳስ አልነበረም፤ ዲያቆን እንኳ መካን አይችልም። ሠራዊትም አልነበረውም። ሆኖም በዚያ ዘመን ክህነትና መንግሥት እየተጋጩ ሳይለያዩ የኖሩበት ምክንያት ቢፈለግ ዋናው የሚገኘው በዚህ መነኩሴ ዘንድ ይመስለኛል። ይህን ያስቻለው ሥልጣን የሌለው መሆኑ ነው፤ ዋጋ ያስከፈለውም ለዙፋኑ መቅረቡ ነው።

ጳጳስና ንጉሥ የተጋጩት በእኛ አገር ብቻ አይደለም። በምዕራቡ ዓለም የታወቀው ጠብ የጀርመኑ ንጉሥ ሄንሪ አራተኛና የሮማው ጳጳስ ጎርጎርዮስ ሰባተኛ የተጣሉበት ነው። የጠቡ ምክንያት ኤጲስ ቆጶሳትን ማን ይሾማል የሚል ነበር። ጎርጎርዮስ በ1076 ንጉሡን አወገዙ፤ ሄንሪም በጥር 1077 ካኖሳ ከሚባለው አምባ ደጃፍ ሦስት ቀን በበረዶ ቆመው ምሕረት ለመኑ። በዚያ አምባ ውስጥ ካስታረቁት ሰዎች አንዱ የክሉኒ ገዳም አበምኔት ሂዩ ነበሩ። እኚህ መነኩሴ የንጉሡ የክርስትና አባት ናቸው፤ የጳጳሱም ወዳጅ ናቸው። ኤጲስ ቆጶስ አልነበሩም፤ ነገር ግን ሁለቱም ወገኖች በሩን የሚከፍቱላቸው ሰው ነበሩ። እርቁ ግን አልጸናም። ጳጳሱ በ1080 እንደገና አወገዙ፤ ንጉሡም በበኩላቸው ሌላ ጳጳስ አስመርጠው በ1084 ሮማን ይዘው በእሱ እጅ የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ ደፉ። ጎርጎርዮስ በ1085 በስደት አረፉ። ጉዳዩ በስምምነት የተዘጋው በ1122 ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ የጀርመን ንጉሥ ጳጳሱ ባልተስማማው ጊዜ ሌላ ጳጳስ ማቆም ቻለ። በራሱ አገር ኤጲስ ቆጶሳት ሞልተውለታልና አስታራቂው መነኩሴ ቢሳካለትም ባይሳካለትም ንጉሡ ሌላ መውጫ ነበረው።

የኢትዮጵያ ንጉሥ ይህ መውጫ አልነበረውም። በኒቅያ ጉባኤ ስም የሚጠራውና በኋላ በፍትሐ ነገሥት የገባው ቀኖና ኢትዮጵያውያን ከገዛ ሊቃውንቶቻቸው መካከል ጳጳስ እንዳይሾሙ ይከለክላል። ጳጳሱ የሚመጣው ከእስክንድርያ መንበር ብቻ ነው። መንበሩ ደግሞ የሚገኘው በእስላም ገዢዎች ሥር ስለሆነ አዲስ ጳጳስ ለማስመጣት ለፓትርያርኩ ብቻ ሳይሆን ለካይሮው ሱልጣንም ደብዳቤና እጅ መንሻ መላክ ግድ ነበር። ይኩኖ አምላክ በ1270ዎቹ ለሱልጣን በይበርስ ይህንኑ የሚጠይቅ ደብዳቤ ጽፈዋል። መልሱ ሲዘገይ ከሶርያ የመጡ ጳጳሳት ቦታውን ያዙ፤ ይህ ምናልባት ከሄንሪ መንገድ ጋር የሚመሳሰል ሙከራ ነው። አልዘለቀም። ልጃቸው ያግብዐ ጽዮን በ1290 ገደማ ለሱልጣን ቃላዉን ሲጽፉ ስለ ሶርያውያኑ አማረሩ፤ ከእስክንድርያ ጳጳስ እንዲላክላቸውም ለመኑ። በሌላ አነጋገር የኢትዮጵያ ንጉሥ የተቀመጠውን ጳጳስ ሊያስር፣ ሊያሰድድ፣ ወደ ግብፅ ሊመልስ ይችላል፤ ሊተካው ግን አይችልም። ጳጳስ የሌለበት አገር ደግሞ ቄስና ዲያቆን የሚክን፣ ታቦት የሚባርክ ሰው የሌለበት አገር ነው። ከዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ዘመን ማብቂያ አንሥቶ እስከ 1481 ድረስ አገሪቱ እንዲህ ያለ ችግር ላይ ወድቃ ነበር፤ በዐፄ በእደ ማርያም ዘመን ከነጭራሹ ከግብፅ ጳጳስ አናምጣ የሚል ሐሳብ በጉባኤ እስከ መነሳት ደርሷል። ያም ሆኖ በ1481 አቡነ ይስሐቅና አቡነ ማርቆስ ከግብፅ መጡ።

ጳጳሱም በበኩሉ ከንጉሡ የተሻለ አቅም አልነበረውም። ቋንቋውን ሳያውቅ ይመጣል፤ ዘመድ የለውም፤ በሥሩ የሚታዘዙ ኤጲስ ቆጶሳት የሉትም፤ መሬቱንና ግብሩን የሚሰጠው ንጉሡ ነው። ማውገዝ ይችላል፤ ውግዘቱን በየአውራጃው የሚያስፈጽምለት ሰው ግን ያስፈልገዋል። ያ ሰው ደግሞ ከአገሬው መነኩሴ በቀር ሊሆን አይችልም። ስለዚህ የኢትዮጵያው ግጭት በስም በጳጳሱና በንጉሡ መካከል ቢሆንም ሚዛኑ በሦስተኛ እጅ ላይ ነበር። ትልልቅ ገዳማትን የያዙት አበምኔቶች ወደ ጳጳሱ ሲያዘነብሉ ጳጳሱ ይበረታል፤ ወደ ንጉሡ ሲያዘነብሉ ብቻውን ይቀራል። ከእነዚህ አበምኔቶች ሁሉ ለዙፋኑ የቀረበው የሐይቁ ነበር።

እንዴት ቀረበ ለሚለው ጥያቄ የገዳሙ መልስ ቃል ኪዳን ነው። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በደብረ ዳሞ ከአባ ዮሐኒ ዘንድ ተምረው በ13ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ በ1248 ገደማ፣ ሐይቅ ላይ ገዳሙን አቀኑ። ተክለ ሃይማኖት በእሳቸው ሥር ተማሩ፤ ጣና ላይ ዳጋ እስጢፋኖስን የመሠረቱት ኂሩተ አምላክም ከሐይቅ የወጡ ናቸው። በሐይቅ ወገን የሚነገረው ታሪክ ይኩኖ አምላክ ከኢየሱስ ሞዐ ጋር ቃል ተጋብተው፣ ዙፋኑን ሲያገኙ የገዳሙን አበምኔት ዐቃቤ ሰዓት አደረጉት ይላል። የደብረ ሊባኖስ ወገን ደግሞ ቃል ኪዳኑን የሚሰጠው ለተክለ ሃይማኖት ነው፤ የመንግሥቱ ሲሶ ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠውም በዚያ ጊዜ ነው ይላል።

ይህን ተረት ነው ብሎ የሚቃወም ሰው ጥሩ መከራከሪያ አለው። ሁለቱ ወገኖች አንዱን ክብር ሁለት ቦታ ያውሉታል፤ ይህ ብቻውን ያጠራጥራል። የኢየሱስ ሞዐ ገድል በተጻፈበት ጊዜ ቅዱሱ ካረፉ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ሆኗል፤ ሲሶ መንግሥት የሚለውም የኋላ ዘመን ወሬ ይመስላል። የታሪክ ሊቃውንትም ቃል ኪዳኑን እንደተጻፈ አይቀበሉትም፤ እኔም አልቀበለውም። ነገር ግን ተቃውሞው ማዕረጉን አያፈርሰውም። ሰው የሌለ ነገር ምክንያት አይፈልግለትም፤ የሐይቅ መነኮሳት የአባታቸውን ገድል ሲጽፉ ይህን ማስረዳት ያስፈለጋቸው አበምኔታቸው በእርግጥ በንጉሡ ቤት ተቀምጦ ስለነበረ ነው። ገዳሙም በኢየሱስ ሞዐ ዕድሜ ብርቱ እንደነበረ ገድሉ ሳይጠየቅ የሚመሰክር ዕቃ አለ። በ1280/81 የተጻፈውና ኢየሱስ ሞዐ ራሳቸው ለገዳሙ የሰጡት አራቱ ወንጌል እስከ ዛሬ አለ፤ ዘመናቸው በእርግጠኝነት ከታወቁት የግዕዝ መጻሕፍት ጥንታዊው ነው፤ የእሳቸው ሥዕልም በውስጡ ይገኛል። ያን ያህል ብራና ፍቆ፣ ጸሐፊና ሠዓሊ አዘጋጅቶ መጽሐፍ የሚያወጣ ገዳም ተራ ገዳም አይደለም። ዘመኑንም እናስብ፤ ይህ ወንጌል የተጻፈው ከእስክንድርያ የተላከ ጳጳስ በአገር በሌለበት፣ ሶርያውያኑ በሚጠረጠሩበት ጊዜ ነው። አዲስ የተነሣው ሥርወ መንግሥት ክህነታዊ ድጋፍ የፈለገው ያኔ ነው። ጳጳስ ባይኖር በሕዝብ ዘንድ የሚከበር መነኩሴ አለ። የዐቃቤ ሰዓትነት ሥር ያለው በቃል ኪዳኑ ተረት ውስጥ ሳይሆን በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

ግጭቱ ራሱ የፈነዳው በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን ነው። ንጉሡ የአባታቸውን ሚስት አግብተዋል ተብለው ተከሰሱ። ከመጀመሪያዎቹ ወቃሾች አንዱ የዚሁ የወሎ ምድር መነኩሴ፣ የደብረ ጎሉ አባ በጸሎተ ሚካኤል ናቸው። እኚህ ሰው የሚያስደንቁት ለሁለቱም ወገን ባለማጎብደዳቸው ነው፤ ንጉሡን ስለ ጋብቻው፣ ጳጳሱን አቡነ ዮሐንስን ደግሞ ክህነትን በገንዘብ ይሰጣሉ ብለው ወቀሱ። ስለዚህም ወደ ትግራይ ተሰደዱ። አባ አኖሬዎስም በንጉሡ ትእዛዝ ተገረፉ፤ ደማቸው እሳት ሆኖ የንጉሡን ሰፈር አቃጠለ የሚለው ትውፊት እስከ ዛሬ ይነገራል። በ1337 የመጡት አቡነ ያዕቆብ ደግሞ ከቀደሙት ጳጳሳት የተለዩ ነበሩ። ብቻቸውን ሆነው ምንም ማድረግ እንደማይችሉ ገብቷቸዋል። ስለዚህ ሸዋን ከፍለው 12 ንቡራነ እድ ሾሙ፤ የደብረ አስቦውን (የኋላውን ደብረ ሊባኖስ) አባ ፊልጶስን አጋር አደረጉ። ጳጳሱ ያጡትን የአገሬው እጅ አገኙ ማለት ነው። ዓምደ ጽዮን በ1344 ሲሞቱ የነገሡት ሰይፈ አርዕድ መጀመሪያ በአንድ ሚስት እንደሚጸኑ ቃል ገቡ፤ ቆይተው ግን ሦስት አገቡ። ያዕቆብና ፊልጶስ ገሠጹ። ጳጳሱ ወደ ግብፅ ተመለሱ፤ ፊልጶስ በስደት ሞቱ፤ መነኮሳቱም እስከ ዝዋይ ደሴቶች ድረስ ተበተኑ። የስደቱ ፍሬ ንጉሡ ያላሰቡት ሆነ፤ የተበተኑት መነኮሳት ወንጌል ያልደረሰበት ቦታ ሁሉ ገዳም ተከሉ።

እዚህ ላይ የኔን ክርክር የሚፈትነው ጥያቄ ይመጣል። ሐይቅ አስታራቂ ከነበረ በዚያ ጊዜ የት ነበረ? የዚያን ስደት ገድል የጻፉት የደብረ አስቦ፣ የደብረ ጎልና የእነሱ ልጆች የሆኑ ገዳማት ናቸው፤ ግርፋቱና እስራቱ የእነሱ ነው። ለዙፋኑ የቀረበው ገዳም በንጉሡ ጋብቻ ላይ የመጀመሪያውን ድምፅ አላሰማም። ይህን ማሳነስ አይገባም። መንፈሳዊ አባት ሆኖ በንጉሡ ማዕድ የሚቀመጥ ሰው ንጉሡ ሲሳሳት ዝም ካለ ቅርበቱ ለምን ጠቀመ? አቡነ ያዕቆብ አጋር ሲፈልጉ ፊልጶስን እንጂ የሐይቁን አበምኔት ዋና ረዳት አለማድረጋቸው በራሱ ይናገራል። እዚህ ላይ ዐቃቤ ሰዓቱን የማወድስበት ምክንያት የለኝም። ነገር ግን ተግሣጹ ምን አስገኘ የሚለውም መጠየቅ አለበት። ሰይፈ አርዕድ ሚስቶቻቸውን አልፈቱም፤ አገሪቱ ጳጳስ አጣች፤ በመጨረሻም ንጉሡ እንደ አባቶቻቸው ወደ ግብፅ ላኩ። በ1348 አቡነ ሰላማ መጡ። እኚህ በመጽሐፍ ትርጉም የታወቁት ጳጳስ 40 ዓመት ኖረው በሰላም አረፉ። ስደተኞቹ እውነቱን ተናገሩ፤ እውነቱ ግን ተናግሮ ከመሄድ በቀር ማንንም አላስታረቀም። ተናጋሪም አስታራቂም ያስፈልጋል፤ ችግሩ አንድ ሰው ሁለቱንም መሆን አለመቻሉ ነው።

የሐይቅ ሚና ጎልቶ የሚታየው ግማሽ ምዕተ ዓመት ቆይቶ፣ በሰንበት ክርክር ነው። የአባ ኤዎስጣቴዎስ ልጆች ቅዳሜም እንደ እሑድ መከበር አለበት ይሉ ነበር። እስክንድርያ ይህን አትቀበልም፤ ስለዚህ ከጳጳሱ ተለዩ፤ ጳጳሱም ክህነት ከለከሏቸው። መሪያቸው በ1352 በአርመን አገር በስደት ሞቱ፤ ልጆቻቸው ግን በሰሜን እየበዙ ሄዱ። በ1400 ገደማ በዐፄ ዳዊት ዘመን ጳጳሱ አቡነ በርተሎሜዎስ አስጠሯቸው። የደብረ ቢዘኑ አባ ፊልጶስ ቅዳሜን እንዲተዉ ሲጠየቁ እንቢ አሉ። የታሰሩት የት ነው? ሐይቅ ነው። ጠባቂያቸውም የጳጳሱን ሐሳብ የሚደግፉት ዐቃቤ ሰዓት ሠረቀ ብርሃን ነበሩ። ይህን ብቻ ያየ ሰው ሐይቅ የመንግሥት እስር ቤት ነበር ሊል ይችላል። እስር ቤት መሆኑ እውነት ነው። ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን እንይ። አራት ዓመት ያህል ታስረው ሳለ ዳዊት በ1404 እንዲፈቱ አዘዙ፤ ቅዳሜንም እንዲያከብሩ ፈቀዱላቸው፤ የቤተ መንግሥቱ ካህናት ግን በጳጳሱ ሥርዓት ቀጠሉ። ንጉሡ ጳጳሱን አልሻሩም፤ አላሰደዱም፤ ተቃዋሚዎቹንም አላጠፉም። በዓምደ ጽዮንና በሰይፈ አርዕድ ዘመን በግርፋትና በስደት ያልቅ የነበረው ጠብ አሁን በግዞትና በፈቃድ አለፈ።

ይህ ለውጥ የንጉሡ ጥበብ ብቻ ነው ሊባል ይችላል፤ ዳዊት የሰሜኑ ክርስቲያን እንዳይርቃቸው ሰግተው ነው ማለትም ይቻላል። ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ፊልጶስ የታሰሩት በወህኒ ሳይሆን በገዳም ውስጥ፣ ሊቃውንት በሚማሩበት ቤት መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም። ክርክሩ ከድንኳን ወጥቶ ወደ ጉባኤ ቤት ገባ። ለዚህ ከሁሉ የበለጠው ማስረጃ የጋስጫው አባ ጊዮርጊስ ናቸው። እኚህ በደቡብ ወሎ ቦረና ውስጥ ገዳማቸው ያለው ታላቅ ሊቅ የተማሩት ሐይቅ ነው፤ በሠረቀ ብርሃን ቤት ውስጥ ማለት ነው። በ1424 በፈጸሙት በመጽሐፈ ምሥጢር ግን ቅዳሜን ከእሑድ ጋር ማክበር እንደሚገባ አስተማሩ። የጳጳሱን ወገን ይዞ ተቃዋሚውን ያሰረው ገዳም ልጁን የተቃዋሚውን ትምህርት የሚያስተምር ሊቅ አድርጎ አወጣ። አንድ ቤት ሁለቱንም ሐሳብ ከያዘ እርቅ ሊገኝበት ይችላል። በ1450 ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ በጠሩት ጉባኤ ጳጳሳቱ ሚካኤልና ገብርኤል ቅዳሜን ተቀበሉ፤ የኤዎስጣቴዎስ ልጆችም ክህነትን ከጳጳሳቱ እጅ ለመቀበል ተስማሙ። ይህ ጉባኤ የንጉሡ ድል መሆኑን አልክድም፤ መቶ ዓመት የፈጀ ጠብ ሁለተኛ ቤተ ክርስቲያን ሳይፈጠር መፈጸሙ ግን የሮማና የጀርመን ሰዎች ያላገኙት ነገር ነው።

በዚሁ በዘርአ ያዕቆብ ዘመን ዐቃቤ ሰዓቱ የደረሰበትን ከፍታ የንጉሡ ዜና መዋዕል ይናገራል። ንጉሡ ከሰው ርቀው በሚኖሩበት በዚያ አስፈሪ ግቢ ዐቃቤ ሰዓት አምኃ ኢየሱስ እንደልባቸው ይገቡ ነበር፤ ምሥጢሩንም የሚያውቁ እሳቸው ነበሩ። በ1478 ሕፃኑ እስክንድር ሲነግሡ አገሩን በሞግዚትነት ከያዙት መካከል ዐቃቤ ሰዓት ተስፋ ጊዮርጊስ አንዱ ናቸው። ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ በዐፄ ልብነ ድንግል ሰፈር ሳሉ ይህን ማዕረግ በአገሩ ከታላላቆቹ እንደ አንዱ ቆጥረው ጽፈውታል፤ በዚያው ጊዜ ጳጳሱ አቡነ ማርቆስ እጅግ ያረጁ ሰው ነበሩ።

ቢሆንም እንዲህ ያለውን ሰው ባለሟል ብሎ የሚጠራ ሰው ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል አይባልም። በተስፋ ጊዮርጊስ ጊዜ ዐቃቤ ሰዓቱ መንግሥት ከሚመሩት አንዱ ሆነ፤ መንግሥት የሚመራ ሰው ደግሞ የሚያስታርቀው ሁለተኛ ወገን አጠገቡ የለም። የክሉኒው ሂዩ ካስታረቁ በኋላ ወደ ገዳማቸው ተመለሱ፤ የሐይቁ አበምኔቶች ግን ጊዜው እየገፋ ሲሄድ ከድንኳኑ አልወጡም። ለኔ የማዕረጉ ውድቀት የጀመረው ከዚህ ነው፤ ከግራኝ ጦርነት አይደለም። ግራኝ የተባሉት ኢማም አሕመድ በ1531 ሐይቅ ደርሰው ደሴቱን ሲይዙ የዘመናት ወርቅና ዕቃ ተወሰደ፤ የኢየሱስ ሞዐ ወንጌል ግን ተረፈ። ገዳሙ ከዚያ በኋላ ቢያንሠራራም የቀደመውን ቦታ አላገኘም። መንግሥቱ ወደ ጣና አካባቢና ወደ ጎንደር ሲዞር ከጳጳሱ ቀጥሎ የሚታየው የአገሬው መነኩሴ የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ሆነ፤ ዐቃቤ ሰዓት የሚለው ስም በጎንደር ቤተ መንግሥት ቢቀጥልም የድሮው ክብደት አልተከተለውም። የአገሬው መነኩሴና የጳጳሱ ሥልጣን በመጨረሻ በአንድ ሰው ላይ የተገናኙት በ1951 ነው፤ ያኔ እጨጌው ብፁዕ አቡነ ባስልዮስ ተብለው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ ሆኑ።

አስታራቂ መነኩሴ በሌለበት ምን እንደሚሆን ለማየት ከደሴ ብዙ መራቅ አያስፈልግም። በ1878 ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከምኒልክ ጋር ሆነው በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጠሩ። አቡነ አትናቴዎስ ከሁለት ዓመት በፊት አርፈዋል፤ አራቱ አዲስ ጳጳሳት የመጡት በ1881 ነው። ስለዚህ ያ ጉባኤ ጳጳስ ሳይኖር ንጉሠ ነገሥቱ የመሩት የሃይማኖት ጉባኤ ሆነ። የጸጋና የሦስት ልደት ትምህርት ተወገዘ፤ የወሎ እስላም ሹማምንትም ወይ እንዲጠመቁ ወይ ሹመታቸውን እንዲለቁ ታዘዙ። ከእነዚህ ሹማምንት አንዱ የነበሩት መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ። ትእዛዙ ደጋን ባለችበት በቃሉ አገር የደረሰው ሸኽ ቡሽራ ጌታ በተባለው ቦታ ካስተማሩና በ1863 ካረፉ 15 ዓመት ብቻ ሲያልፍ ነው፤ የእኚህ ሸኽ ደቀ መዛሙርት በየመንደሩ ነበሩ። በዙፋኑ አጠገብ ሆኖ ይህ በሰው ልብ ላይ የሚደረግ ግዳጅ ነው ብሎ ያስቆመ ሰው አልተገኘም። ተቃውሞው ከውጭ መጣ፤ በ1880ዎቹ ወሎን ያናወጠው ይህ አመፅ ከሁሉ በላይ በሸኽ ጦልሃ ጃዕፈር ስም ይታወሳል። ሸኽ ጦልሃና በጸሎተ ሚካኤል በሃይማኖት የሚለያዩ፣ በ500 ዓመት የሚራራቁ ሰዎች ናቸው። ሁለቱም ግን ከድንኳኑ ውጭ ቆመው ለንጉሥ እንቢ ያሉ የወሎ ምድር አስተማሪዎች ናቸው። የግዳጅ ጥምቀቱ የላላው ዮሐንስ በ1889 መተማ ላይ ወድቀው ምኒልክ ከነገሡ በኋላ ነው፤ ከቦሩ ሜዳ እስከዚያ 11 ዓመት አልፏል።